የረቡዕና የዓርብ እረፍት

ለተኪዳን ኣምባዬ በቀበሌው አዳራሽ ወለል ላይ ተንበርክካ ገመድ ታስራለች። በአንድ እጇ ልጡ የተላጠ የባሕር ዛፍ ዱላ ጨብጣለች፤ በሌላው አብነት ካለ ጫማ ሰፊ የለመነችውን ሰም የተቀባ ክር ይዛ፣ ገመዱና ዱላው በተገናኙበት ላይ አሥራ ሁለት ጊዜ ታዞረዋለች። ክሩ ሲላላባት በጥርሷ ነክሳ ታጠብቀዋለች። የቀኙን ጫፍ ስትጨርስ ወደ ግራው ዞረች፤ እዚያም አሥራ ሁለት። አሥራ አንድ ቢሆን ማንም አያውቅባትም ነበር፤ እሷ ግን ታውቃለች።

ዱላው የሚታሰረው ከምሥራቅ ጀርመን በስጦታ ከመጡት ሁለት የቀዘፋ ማሽኖች በአንዱ ላይ ነው። ማሽኖቹ የተሠሩት ለሌላ ዓይነት ጀልባ ነበር። ቀዛፊው ጀርባውን ለመንገዱ ሰጥቶ በሁለት እጁ በአንድ ጊዜ የሚስብበት፣ ወንበሩም ከእግሩ ጋር ወደፊትና ወደኋላ የሚንሸራተትበት ዓይነት። እሷ የምታሠለጥናቸው የቀበሌው ክለብ ልጆች ግን የሚወዳደሩት በካያክ ነው። በካያክ ቀዛፊው ፊቱን ወደ መንገዱ አድርጎ፣ እግሩን ዘርግቶ ይቀመጥና ሁለት ጫፍ ባለው መቅዘፊያ ውሃውን አንዴ በቀኝ አንዴ በግራ ይስባል። ስለዚህ ለተኪዳን ወንበሩን እንዳይንሸራተት በእንጨት ሽብልቅ ወተፈችው፤ የብረት እጀታውንም አውጥታ ገመዱን ለሁለት ከፍላ በዱላው ጫፍና ጫፍ አሰረችው። ቀኙ ሲሳብ ግራው ይለቀቃል፤ ግራው ሲሳብ ቀኙ። ከፊት ያለው የብረት መዘውር በቆዳ ጠፍር ታንቆ ይዞራል፤ ጠፍሩ ሲጠብቅ ማሽኑ ይከብዳል፣ ሲላላ ይቀላል።

ጊዜው የ1975 ዓ.ም. ጥር ወር ነበር። ነዳጅ እንደ ልብ አይገኝምና ቡድኑን ወደ ደብረ ዘይት ሐይቅ የሚወስደው አውቶቡስ የሚፈቀደው በወር ሁለት ጊዜ ብቻ ነው። በቀረው ቀን አራቱ ቀዛፊዎች ከሥራ መልስ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ልደታ ይመጡና ውሃ በሌለበት ይቀዝፋሉ። በየካቲት ማጠናቀቂያ ሐይቁ ላይ ማጣሪያ ይካሄዳል። ያለፈ ሰው ለወዳጅነት ውድድር ውጭ አገር ይሄዳል፤ ከዚያም የሚበልጠው፣ የክለቡ ቋሚ ሠራተኛ ይሆናል።

ከአራቱ ዋና ተስፋ የተጣለባት ደሚቱ ናት። ሃያ ሁለት ዓመቷ ነው፤ ሐይቁ ዳር ያደገች፣ ትከሻዋ ሰፊ፣ ወሬዋ ጥቂት። አብነት ውስጥ ከታናሽ ወንድሟ ጋር አንዲት ክፍል ተከራይታ ትኖራለች። ክር ፋብሪካ ስለምትሠራ ከንጋት እስከ ስምንት ሰዓት ቆማ ነው የምትውለው። ፋብሪካውን አምርራ ትጠላዋለች፤ የጥጡ ብናኝ ሲያስላት ያድራል። ማጣሪያውን ካለፈች ከዚያ ትወጣለች፤ ካላለፈች አትወጣም። ለተኪዳንም ይህን ታውቅ ነበር።

ለተኪዳን ሰው የሚቀርባት ሴት አልነበረችም። ሠላሳ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። በሰባት ዓመቷ ከአዲግራት መጥታ ጌጃ ሰፈር አደገች፤ አሁንም እዚያው በሁለት ክፍል የቀበሌ ቤት ከእናቷ ከወይዘሮ ወለተሰንበት ጋር ትኖራለች። አላገባችም። በሰፈሩ ትምህርት ቤት አሥራ አራት ዓመት ስፖርት አስተምራለች። ያረፈደ ተማሪ ሰበቡን ሳይጨርስ ትመልሰዋለች። ጎረቤት ሰላምታ ሲያበዛባት «ደኅና ነኝ ብያለሁ እኮ!» ብላ ታልፋለች። ከሦስት ዓመት በፊት ለስድስት ወር የቀዘፋ አሠልጣኝነት ኮርስ ላይፕዚግ ተልካ ነበር። ሌሎቹ ኮትና ሬዲዮ ይዘው ሲመለሱ እሷ አንድ የሩጫ ሰዓት፣ አንድ ወፍራም ደብተርና አንድ እምነት ይዛ መጣች፤ ጡንቻ የሚጠነክረው ሲሠራ ሳይሆን ሠርቶ ሲያርፍ ነው የሚል።

የቀበሌው ሊቀመንበር ጓድ ሸዋንግዛው ደግሞ የዱሮ ተማሪዋ ነው። ሰባተኛ ክፍል ሳለ ወፍራምና ዓይነ አፋር ልጅ ነበር። አንድ ቀን በስፖርት ክፍለ ጊዜ ገመድ ሲወጣ እኩሌታው ላይ ቀርቶ ተንጠለጠለ። ክፍሉ በሙሉ ቀና ብሎ ያየዋል። ለተኪዳን ከሥር ቆማ፣ «ውረድ፣ አንተ ጆንያ!» አለችው። እሷ በዚያው ቀን ረሳችው፤ ስሙ ግን ከልጁ ጋር ቀረ። ከትምህርት ቤት እስከ አብነት፣ ከኳስ ሜዳ እስከ ወፍጮ ቤት «ጆንያው» ሆኖ አደገ። አሁን ካኪ ለብሶ፣ ኪሱ ላይ ሁለት እስክሪብቶ ሰክቶ ሲያልፍ በዚያ ስም የሚጠራው የለም። እሱ ግን አልረሳም። በመንገድ ሲገናኙ አንዳቸውም ቀድመው ሰላም አይሉም።

ለተኪዳን እቅዷን ከማውጣቷ በፊት ሁለት ሳምንት ዝም ብላ ቆጠረች። እያንዳንዱ ቀዛፊ በአምስት ደቂቃ ውስጥ ስንት ጊዜ እንደሚስብ በየቀኑ በደብተሯ ጻፈች። ደሚቱ ሰኞ ሦስት መቶ አርባ፣ ማክሰኞ ሦስት መቶ ሠላሳ ስምንት፣ ረቡዕ ሁለት መቶ ሰባ። ኀሙስ ወደ ሦስት መቶ ሠላሳ አምስት ተመለሰች፤ ዓርብ እንደገና ሁለት መቶ ስልሳ ስድስት። ዱጉማና ፉፋም እንደዚያው ናቸው። አብዱልጀባር ብቻ በሁሉም ቀን ሦስት መቶ ሃምሳ አካባቢ ነው።

መጀመሪያ ማሽኑን ጠረጠረች። ፈታታችው፣ ጠረገችው፣ ግራሶ ቀባችው። ነገሩ የገባት በእንቁላሉ ነው። ክለቡ ከልምምድ በኋላ ለእያንዳንዳቸው አንድ አንድ የተቀቀለ እንቁላል ይሰጣል። ሰኞ ሳህኑ ባዶ ይሆናል። ረቡዕና ዓርብ አብዱልጀባር የራሱን ይበላል፤ ደሚቱ «ለወንድሜ ልውሰድለት» ብላ በመሐረብ ትጠቀልላለች፤ ሌሎቹ በኋላ እንበላለን ብለው ኪሳቸው ይከቱታል። ይጾማሉ ማለት ነው። ከሌሊት ጀምሮ እህል ሳይቀምሱ ሥራ ውለው፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ያገኙትን ቀማምሰው ነው ማሽኑ ላይ የሚወጡት።

ምንም አልጠየቀቻቸውም። በቀበሌ አዳራሽ ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር አይጠየቅም። ሰኞ፣ ማክሰኞና ኀሙስ ከባድ ሥራ፣ ቅዳሜ ረጅምና ቀላል ቀዘፋ፣ ረቡዕ፣ ዓርብና እሑድ እረፍት ብላ የአምስት ሳምንት እቅድ አወጣች። ሥራው በየሳምንቱ ጥቂት ጥቂት ይጨምራል፣ በመጨረሻው ሳምንት በግማሽ ይቀንሳል። በትልቅ ወረቀት ላይ ሥራውን በቀይ፣ እረፍቱን በጥቁር ቀለም ጽፋ፣ መስመሩን በማስመሪያ አስተካክላ አዳራሹ ግድግዳ ላይ ለጠፈችው።

ስህተቷ መለጠፏ ነበር።

ኀሙስ ማታ የሂስና ግለ ሂስ ስብሰባ ተጠራ። ወደ ሃያ የሚሆን ሰው አግዳሚው ላይ ተደርድሯል፤ ቀዛፊዎቹም ከኋላ ተቀምጠዋል። ሸዋንግዛው በእጁ ማስመሪያ ይዞ ከወረቀቱ ፊት ቆመ።

«ጓዶች፣ እስቲ አብረን እናንብብ። ሰኞ ሥራ። ማክሰኞ ሥራ። ረቡዕ...» ማስመሪያውን ጥቁሩ ላይ መታ መታ አደረገ። «ረቡዕ እረፍት። ኀሙስ ሥራ። ዓርብ እረፍት። እሑድማ ታውቁታላችሁ። ይሄ የስፖርት እቅድ ነው ወይስ የደብር ቀን መቁጠሪያ?»

ሰዉ ሳቀ።

«የጡንቻ ቀን መቁጠሪያ ነው» አለች ለተኪዳን ከመቀመጫዋ ሳትነሣ።

«ጡንቻ ሃይማኖት አለው እንዴ፣ ጓድ ለተኪዳን?»

«ጡንቻ እረፍት አለው። አብዱልጀባርም በእነዚህ ቀናት ያርፋል፤ እሱን የደብር አገልጋይ ልትለው ነው?»

አሁንም ሳቁ፤ ይህኛው ሳቅ ግን ሸዋንግዛውን ቆረቆረው። «መልካም። እረፍት ብቻ ከሆነ ለምን ማክሰኞና ኀሙስ አላደረግሽውም? እስቲ አስረጂን!»

ለተኪዳን ዓይኗን ከወረቀቱ አላነሣችም።

«ፋብሪካው በሳምንት ስድስት ቀን ያመርታል፣ አንቺ ቀዛፊውን ሦስት ቀን ታስተኛለሽ። ይሄ ሻጥር ካልሆነ መረጃ ይኖርሻላ!»

«አለኝ። ቆጥሬያለሁ።»

«አምጪዋ! ደብተሩን አሳዪን።»

ደብተሩ ጭኗ ላይ ነበር። ብትከፍተው ነገሩ ባንድ አፍታ ያልቃል፤ ቁጥሩ ራሱ ይናገርላታል። ግን በየቁጥሩ ራስ ላይ ስም አለ። ረቡዕ የሚደክም ማን እንደሆነ፣ የማይደክመው ማን እንደሆነ ሕፃን ልጅ እንኳ አይቶ ይለየዋል። ዘወር ብላ ደሚቱን አየቻት። ደሚቱ አንገቷን ደፍታ ጥፍሯን ትልጣለች። ለተኪዳን ደብተሩን በሁለት እጇ ጫን አለችው።

«ለሚያውቅ ሰው ነው የማሳየው» አለች። «ገመድ ላይ ተንጠልጥሎ ለቀረ ጆንያ አላሳይም።»

ከኋላ በኩል አንድ ሰው ሳቁን አፍኖ በሳል አስመሰለው።

ሸዋንግዛው ጆሮው ቀላ። ማስመሪያውን ጠረጴዛው ላይ ወርውሮ፣ ካኪ ኮቱን አውልቆ ማሽኑ ላይ ተቀመጠ። «ቁጠሪ!» አላት። «አንድ ተራ ዜጋ ሠርቶ ውሎ፣ ማታ ያለ ምንም እረፍት ሲቀዝፍ ታያለሽ! ቁጠሪ ነው የምልሽ!»

እሷም የሩጫ ሰዓቷን ተጫነች። በመጀመሪያው ደቂቃ በንዴት ሳበ፤ ዱላው ግራና ቀኝ እያላጋ አንዴ ጉልበቱን መታው። በሁለተኛው አፉ ተከፈተ። በሦስተኛው ደቂቃ መዘውሩ ሊቆም ሊቆም ይል ጀመር። ለተኪዳን እንደ ክፍል ውስጥ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ቆጠረችለት። «መቶ አሥራ ዘጠኝ... መቶ ሃያ... ጎበዝ፣ ምነው ቀስ አልክ? መቶ ሃያ አንድ።» መቶ ሃያ ስድስት ላይ ዱላው ከእጁ ወደቀ። ለመነሣት ሁለት ሰው ደገፈው።

በማላገጡስ አሸንፋው ነበር። ሸዋንግዛው ግን ትንፋሹ እስኪመለስ ጠበቀና ወደ ጸሐፊው ዞሮ፣ «ጻፍ» አለ። «ከዛሬ ጀምሮ ልምምዱ የሰባት ቀን ዘመቻ ነው። እቅዱ በሃያ በመቶ ከፍ ይላል። ጓድ ለተኪዳን የግለ ሂስ ደብዳቤ ታስገባለች፤ ዘመቻውንም ራሷ ታስፈጽማለች።» እጅ እንዲወጣ ጠየቀ። ሁሉም አወጣ፤ ከኋላ ያሉት አራቱም ቀዛፊዎች ጭምር።

ትታ መውጣት ትችል ነበር። ግን በምትኩ የሚመደበው ሰው ደብተሯን እንደማያነብ፣ ጠፍሩንም ማላላት እንደማያውቅ ታውቃለች። ስለዚህ ግለ ሂሱን በሦስት መስመር ጽፋ አስገባችና ቀረች። ረቡዕና ዓርብ ቀዛፊዎቹ ከመግባታቸው በፊት ቀድማ እየመጣች የጠፍሩን ብሎን ሁለት ዙር ታላላለች። ለዓይን ያው ማሽን ነው፤ ለክንድ ግን እንደ እረፍት ይሆናል። እንዲህ ሁለት ሳምንት አለፈ። ደሚቱ ቅዳሜ ቅዳሜ ሦስት መቶ ሃምሳ አምስት ደረሰች።

በሦስተኛው ሳምንት ረቡዕ ሸዋንግዛው ሳይታሰብ መጣ። አልተቀመጠም፤ በቀጥታ ወደ ማሽኑ ሄዶ መዘውሩን በጣቱ ገፋው። መዘውሩ ዝም ብሎ ዞረ፣ ዞረ፣ ዞረ።

«ይሄ ምንድን ነው?» አለ። «ትናንት እንዲህ አልነበረም።»

«ግራሶ ቀብቼው ነው።»

«ግራሶ? እኔን እንደ ሰባተኛ ክፍል ልጅ ታታልይኛለሽ?» ከመሣሪያ ሣጥኗ መፍቻ አንሥቶ ብሎኑን ማጥበቅ ጀመረ። አንድ ዙር፣ ሁለት፣ ሦስት።

«በቃ! ይበቃል እልሃለሁ!»

አራተኛውን ጨመረ። «አሁን ይቀዝፉ።»

ደሚቱ ከሥራ የለበሰችውን ሽርጥ እንኳ አላወለቀችም። ከንፈሯ ደርቋል። ወንበሩ ላይ ተቀመጠችና ዱላውን ያዘች። ለተኪዳን ቆጠረች፤ ሌላ ምን ታድርግ? መቶ ላይ የደሚቱ ግራ ትከሻ ወደ ጆሮዋ ሲወጣ አየች። መቶ ሰማንያ ላይ፣ «አቁሚ» አለቻት በዝግታ። ደሚቱ ሊቀመንበሩን አየችና መሳቧን ቀጠለች። «አቁሚ፣ ልጄ!» ሁለት መቶ አሥራ አንድ ላይ አቡጀዲ ሲቀደድ የሚሰማ ዓይነት ድምፅ ተሰማ። ዱላው ወለሉን መታ። ደሚቱ አልጮኸችም፤ ግራ ክንዷን በቀኟ አቅፋ ወደ ጎን ጋደል አለች።

ሸዋንግዛው መፍቻውን መሬት አስቀመጠና፣ «አያያዟ ልክ አይደለም፣ የአሠልጣኝ ችግር ነው» ብሎ ወጣ።

አብነት ያሉት ወጌሻ ትከሻውን ዳብሰው፣ አጥንቱ ደኅና ነው፣ ሥጋው ነው የተቆጣው አሉ። በነጠላ ቅዳጅ አንጠልጥለው፣ አሥር ቀን እንዳይነካ አዘዙ። ማጣሪያው አሥራ አራት ቀን ቀርቶታል።

በማግሥቱ ለተኪዳን ሁለት ብርቱካን ይዛ ደሚቱ ዘንድ ሄደች። ክፍሏ ጠባብ ስለሆነች አንዷ አልጋው ጫፍ፣ አንዷ ዱካ ላይ ፊት ለፊት ተቀመጡ። ለተኪዳን ይቅርታ መጠየቅ አታውቅበትም። ስለዚህ እንደ ሪፖርት ከመጀመሪያው አስረዳቻት፤ እንቁላሉን፣ ቁጥሩን፣ ደብተሩን ለምን እንዳልከፈተች።

ደሚቱ እስከ መጨረሻው ሰማቻት። ከዚያ፣ «እና እኔን ለማዳን ነው?» አለች።

«ስምሽ እንዳይነሣ ብዬ ነው።»

«እትዬ ለተኪዳን፣ ማን ደብቂልኝ አለዎት?»

«ምን ያደርጉሽ እንደነበር ታውቂያለሽ?»

«አውቃለሁ! በስብሰባ ያዋርዱኛል፣ ኋላ ቀር ይሉኛል፣ አንድ ሳምንት ያስጠርጉኛል። መጥረግ አያቅተኝም! የምጾመው ለእግዜር ነው፤ ሰው አየኝ አላየኝ ደንታዬም አይደለም። ትከሻዬ ነው ገንዘቤ። ስለ ትከሻዬ ጠይቀውኝ ቢሆን ደብተሩን ክፈቱት እል ነበር። አልጠየቁኝም። ደግሞስ... በእልህ ጆንያ ብለው የሰደቡት እርስዎ፣ ሦስት ዙር ያጠበቀው በእኔ ላይ!»

«አራት» አለች ለተኪዳን ሳታስበው።

ደሚቱ አፈጠጠችባት። «ውጪልኝ» አለች። «ብርቱካኑንም ይዘሽ ውጪ። ሁለታችሁም ያው ናችሁ።»

በሃያ ሁለት ዓመት ልጅ አንቺ ስትባል የመጀመሪያዋ ነበር። ሌላ ጊዜ ቢሆን አገር ይያዝልኝ ትል ነበር። አሁን ብርቱካኑን አንሥታ፣ በሩን ቀስ ብላ ዘግታ ወጣች። እስከ ጌጃ ሰፈር ድረስ በልቧ የምትመልሰው ቃል ስትፈልግ ሄደች፤ አላገኘችም። ልጅቷ ያለችው ሁሉ ልክ ነበር።

ከአራት ቀን በኋላ፣ ሰኞ፣ ሸዋንግዛው አስጠራት። ጠረጴዛው ላይ አንድ በታይፕ የተጻፈ፣ ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤ ነበር። ቆማ አነበበችው። ደሚቱ «በግል ጤና ምክንያት በራሷ ፈቃድ» ከማጣሪያው እንደወጣች፣ በምትኩም ሌላ ሰው እንዲመዘገብ ይላል።

«በራሷ ፈቃድ?» አለች ለተኪዳን። «ጠየቅሃት?»

«አንቺ ጠየቅሻት?»

ይህ ሰው ከየት እንደሰማ አላወቀችም፤ ምናልባት ምንም አልሰማም፣ እንዲሁ ያገኘው ቃል ይሆናል። ግን ዓይኗን ወደ ደብዳቤው መለሰች።

«የስም ለውጥ የሚቀበሉት ዛሬ ብቻ ነው» አለ ደብዳቤውን ወደ እሷ እየገፋ። «ሜክሲኮ፣ ስፖርት ቢሮው ሁለተኛ ፎቅ፣ መዝገብ ቤት። እስከ አሥራ አንድ ሰዓት። ራስሽ ታደርሺዋለሽ፤ አስፈርመሽ ቅጂውን ታመጪልኛለሽ። ካላመጣሽ ደግሞ በሚቀጥለው ስብሰባ ስለ ብሎኑ እናወራለን። ስለ ማላላቱ ነው የምልሽ።»

ደብዳቤውን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና ወጣች። ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ነበር።

ሜክሲኮ በእግሯ ደረሰች። አደባባዩ ዙሪያ መሥሪያ ቤት የሚወጣውና የሚገባው ይተረማመሳል፤ የአንበሳ አውቶቡስ ሰልፍ እስከ ጥግ ድረስ ተዘርግቷል። ቢሮው ያለበት ሕንጻ በር ላይ ጥበቃው ፈትሿት፣ «ግቢ» አላት። አንድ እግሯን ደረጃው ላይ አሳረፈች። ከዚያ ጣቷን እያጠፈች ቆጠረች። ከወጌሻው ትእዛዝ አምስት ቀን አለፈ፤ አምስት ይቀራል። ከዚያ በኋላ ማጣሪያው እስኪደርስ አራት ቀን አለ። ትከሻው ካልዳነ ደሚቱ ራሷ ሐይቁ ዳር ቆማ አልችልም ትላለች። ከዳነም ትቀዝፋለች። ያም ሆነ ይህ የምትናገረው ደሚቱ ናት።

«እየገባሽ ነው ወይስ እየወጣሽ?» አላት ጥበቃው።

«ሰው እየጠበቅሁ ነው» አለችው።

ወደ አውቶቡስ ፌርማታው ተሻግራ አጥሩን ተደግፋ ቆመች። ሦስት አውቶቡስ መጥቶ ሄደ፤ አልተሳፈረችም። አሥር ሰዓት ሆነ። አሥር ተኩል ሆነ፤ አሥራ አንድም ሆነ። ሠራተኞቹ ሁለትና ሦስት እየሆኑ ይወጡ ጀመር። አንዲት ወፍራም ሴት የቁልፍ ዘለላ እያንቃጨለች ከሁለተኛው ፎቅ ወረደች፤ መዝገብ ቤቷ ሳትሆን አትቀርም። ለተኪዳን እስክታልፍ በዓይኗ ሸኘቻት። ከዚያ ቦርሳዋን ብብቷ ሥር አጥብቃ፣ ደብዳቤው እንደታጠፈ፣ በመጣችበት መንገድ ወደ ልደታ ተመለሰች።